አቶ እገሌ ለምን ሐኪም ዘንድ አልሄደም?

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ የምታዳምጡን፣ በአንኮበር ከቁንዲ ተራራ ሥር እስከ አልዩ አምባ ቆላ ድረስ ያላችሁ፣ በመንዝም በተጉለትም የምትገኙ አድማጮቼ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ መድኃኒት ነው። ሐኪም ግን አልጋበዝኩም። ለምን እንደሆነ ወጉ ወደፊት ሲሄድ ይገባችኋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ አገር ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን አገኘ። በ1945 ፔኒሲሊንን ለሕክምና ካበቁት ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ንግግር አደረገ፤ በንግግሩ ማብቂያ ላይም አንድ ሰው በምናቡ ፈጠረ። ስም አልሰጠውም፤ እኛ አቶ እገሌ እንበለው። አቶ እገሌ ጉሮሮውን ያመዋል። ፔኒሲሊን ገዝቶ ራሱን ያክማል። የወሰደው መጠን ጀርሞቹን ለመግደል አይበቃም፤ መድኃኒቱን እንዲላመዱት ለማድረግ ግን ይበቃል። እሱ ሲሻለው በሽታው ወደ ሚስቱ ይሻገራል፣ ሳንባዋን ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን ቢሰጣት አልሠራ ይላል፣ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠየቀና በአቶ እገሌ ላይ ፈረደ።

ያ ፍርድ ከተሰጠ ወደ 80 ዓመት ሆነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ በየፖስተሩ፣ በየሬዲዮው አቶ እገሌ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ያለ ማዘዣ ገዛህ፣ ግማሹን ወስደህ ተውከው፣ ለጎረቤትህ አካፈልክ ይባላል። ወቀሳው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ፍሌሚንግ ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሰውየው ለምን ሐኪም ዘንድ አልሄደም? ሩቅ ነበር? ገንዘብ አልነበረውም? ሥራውን ጥሎ ቢውል ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር? ይህን መጠየቅ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ የዛሬው ዝግጅታችንም እነሱን ተከትሎ ይሄዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

በቅድሚያ የጀርሙን ነገር ቶሎ ብለን እንለፈው። አንቲባዮቲክ የምንለው ባክቴሪያ የሚባሉትን ጀርሞች የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያግድ መድኃኒት ነው። አሞክሲሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን ከዚህ ወገን ናቸው። በቫይረስ ላይ ግን አንዳች ኃይል የላቸውም። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ከሕፃናት ተቅማጥም ብዙው እንደዚሁ።

መድኃኒት መላመድ የሚባለውን ነገር የደብረ ብርሃን ገበሬ ከውርጭ ያውቀዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ባቄላ ማሳ ላይ ሲያርፍ ሁሉም እኩል አይሞትም፤ ብርድ የሚችለው ይተርፋል። ዘር ከተረፈው ብቻ እየተወሰደ ቢዘራ፣ ከዓመታት በኋላ ማሳው በሙሉ ውርጭ የማይደፍረው ይሆናል። ለባቄላ ሲሆን እሰየው ነው። አንቲባዮቲክ ባረፈበት ሰውነት ውስጥ የሚተርፈው ግን ጀርም ነው፤ ያውም መድኃኒት የሚችልበትን ባሕርይ ለልጆቹ ማውረስ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ሌላ ዓይነት ጀርም ማቀበል የሚችል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ብዙ ሰው ዘንድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 አገሮች ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 76 በመቶው መድኃኒቱን የሚላመደው የሰው ሰውነት ነው ብለው መለሱ። 64 በመቶው ደግሞ አንቲባዮቲክ ጉንፋንን ያድናል አሉ። ኢትዮጵያ ከ12ቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም፤ ነገር ግን «ይሄ መድኃኒት ሰውነቴ ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ ስጡኝ» የሚል ሰው ያልገጠመው የመድኃኒት ባለሙያ በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሚላመደው የእኔ ሰውነት ከሆነ ጉዳቱ በእኔ ይቀራል። የሚላመደው ጀርሙ ከሆነ ግን ጀርሙ ነገ በጎረቤቴ ልጅ ላይ ያድራል፤ ልጁም መድኃኒቱን በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

የጉዳቱን መጠን በተመለከተ፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሰላው፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሞተዋል። ከሁሉ ከባዱን ሸክም የተሸከመውም ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ሚሊዮን ሲባል ጆሮ ይሰማል እንጂ ልብ አይቆጥርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ወደ አንድ ቤት ሲገባ አንቲባዮቲክ ወስደዋል ወይ ብሎ ቢጠይቅ የረባ መልስ አያገኝም። ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያውቀውም ተመራማሪውን ደስ የሚለውን መልስ ይመልስለታል። ስለዚህ በዚምባብዌ፣ በማላዊና በኡጋንዳ የሠሩ አንትሮፖሎጂስቶች ሌላ ዘዴ አመጡ። በአካባቢው መድኃኒት ቤቶችና ጤና ተቋማት የሚገኙትን አንቲባዮቲኮች ሰብስበው በአንድ ቦርሳ ይይዛሉ። ቤት ሲደርሱ ቦርሳውን ምንጣፍ ላይ ዘርግፈው፣ «ከእነዚህ የምታውቋቸውን ለዩልን» ይላሉ። ቀጥሎ የወሰዳችኋቸውን፣ ፈልጋችሁ ያጣችኋቸውን፣ ለከብት የሰጣችኋቸውን እያሉ ያስለያሉ። ያን ጊዜ ሰው ማውራት ይጀምራል። ስሙን ባያውቅ በቀለሙ ያውቀዋል፤ ይህቺ ለቁስል ናት፣ ይህቺ ለሆድ፣ ይህቺን ባለቤቴ ከገበያ አመጣት ይላል። ዘዴው የሚያስደስተኝ ፈተና ስለማይመስል ነው። የቤቱ እማወራ መምህር ትሆናለች፤ ተመራማሪው ተማሪ።

እስቲ ቦርሳውን ወደ እኛ አገር እናምጣው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በየመንገዱ ዳር መድኃኒት ቤት አላት። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ስንደርስ መልክዓ ምድሩም ኑሮውም ይለወጣል። አንድ ወረዳ ሆኖ ከ3,700 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ አዋሽ በኩል እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ደጋው ላይ ሕፃን ሲያስል እናት ብርድ መታው ትላለች። ቆላው ላይ ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ገደሉን ወርዶ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ሰው መመለሻው ዳገት ነው፤ የታመመ ልጅ አዝሎ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ የአንኮበር እናት ትንገረን።

መንግሥት ይህን ርቀት ለማሳጠር ያደረገው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌው ጤና ኬላ በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ይህ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ያከራከረ ውሳኔ ነበር፤ መድኃኒቱ ይባክናል፣ ጀርሙ ይላመደዋል የሚሉ ነበሩ። በሌላው በኩል የሳንባ ምች ልጅን በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ሆስፒታሉም ሩቅ ነው። እኔ በሁለተኛው ወገን ነኝ። አንቲባዮቲክ ከመጠን በላይ ስለመወሰዱ ስናወራ፣ በጊዜው ሳያገኙት የሚሞቱ ልጆችም እንዳሉ ከረሳን የምናስተምረው ትምህርት ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ከተማው መድኃኒት ቤት እንግባ። የማሰማችሁ ንግግር የአንድ የተወሰነ ቤት አይደለችም፤ በየትኛውም ከተማችን፣ በየትኛውም ገበያ ቀን ልትሰማ የምትችል ናት።

«እንደምን ዋልክ ዶክተር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«ያቺን ባለፈው የሰጠኸኝን ካፕሱል ስጠኝ እስቲ። ልጁ ዛሬም ቶንሲሉ ተነሥቶበታል።»

«ማዘዣ ይዘዋል?»

«ኧረ የኔ ልጅ! ጤና ጣቢያ ብሄድ ሰልፉን ታውቀው የለ? ገበያውም ሊያልፈኝ ነው። የሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ፤ ካልተሻለው እመለሳለሁ።»

ባለሙያው ምን ያድርግ? ሕጉ ግልጽ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ሥርዓት አንቲባዮቲክ በማዘዣ እንጂ በቃል እንዲሸጥ አይፈቅድም። ሴትየዋ ግን ደንበኛው ናቸው፣ እናቱን ይመስላሉ፣ ልጁም እውነት ታሟል። እሱ ቢከለክላቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው ይሸጥላቸዋል። ባለቤቱም ሳምንታዊ ሽያጩን ይቆጥራል። ደግሞ አንድ ሐሳብ ወደ ልቡ ይመጣል፦ ጤና ጣቢያ ቢሄዱስ ያው አሞክሲሲሊን አይደል የሚያዙላቸው?

ተመራማሪዎች ይህን ለማየት ራሳቸው በሽተኛ መስለው ወደ መድኃኒት ቤት ይገባሉ። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ልጄ ተቅማጥ ይዞታል፣ ልጄ ያስለዋል እያሉ የገቡ አጥኚዎች ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በሰሜን ምዕራብ አማራ ከተሞችም ተመሳሳይ ጥናት ተካሂዷል። በሽተኛ መስሎ መግባት ምን እንደተሸጠ ያሳያል፤ ለምን እንደተሸጠ ግን አይነግርም። ለምኑን ለማወቅ ከባለሙያው ጋር ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብሎ፣ ማስታወሻ ደብተሩን አጥፎ ማውራት ያስፈልጋል።

የሴትየዋን ንግግር ቆም ብለን ብንሰማው ብዙ ነገር አለበት። «የሁለት ቀን ብቻ» ማለታቸው ከአለማወቅ የመጣ ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል። ኪሳቸው ውስጥ ያለው የሁለት ቀን ገንዘብ ቢሆንስ? የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ቢኖራቸው እንኳ፣ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ካለቀ ማዘዣው ይዞ የሚያስኬደው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከኪስ ይከፈላል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱን ያሳጥራል፤ ማዘዣ የሚባለውን ዘልሎ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ይህ ስንፍና አይባልም፤ ሂሳብ ነው። በደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች የሚሠራ ወጣትም ይኸው ሂሳብ አለው፤ ግማሽ ቀን ከቀረ ይቆረጥበታል። በከተማዋ ዳርቻ በመጠለያ የሚኖሩት ተፈናቃዮች ደግሞ ተጨናንቀው ሲተኙ፣ ንጹሕ ውኃ ሲጎድል፣ በሽታው ራሱ ይደጋገማል።

የለንደኑ የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት አንትሮፖሎጂስቶች ሎሪ ዴንየር ዊሊስና ክሌር ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ጠበቅ አድርገው አስቀምጠውታል። አንቲባዮቲክ የጎደለ ነገር ሁሉ መሸፈኛ ሆኗል ይላሉ። ሐኪም ሲታጣ በሐኪም ፈንታ፣ ዕረፍት መውሰድ የማይችል ሠራተኛ ሲታመም በዕረፍት ፈንታ፣ ውኃና ሽንት ቤት በሌለበት ሰፈር በንጽሕና ፈንታ ይወሰዳል። ካፕሱሏ ከቧንቧ ውኃ ትረክሳለች። ስለዚህ ሰውን በማስተማር ብቻ አጠቃቀሙን መለወጥ ይቻላል የሚለው ተስፋ ጠባብ ነው። እኔም የሬዲዮ ሰው ሆኜ ይህን መናገር ባያስደስተኝም፣ እውነት መሆኑን ግን አምናለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

መድኃኒት ፍለጋ ለአንኮበር አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲደርስ ሐኪም ይዞ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ቀዶ ሐኪም አልዩ አምባ ላይ ሰንብቷል። ሁለቱም በጻፏቸው መጻሕፍት መድኃኒት የሚለምን ሰው ከደጃቸው እንደማይታጣ ይነግሩናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሬው መድኃኒት ወደ ጎን አልተጣለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ ለሰው በሽታ የሚያገለግሉ 135 የመድኃኒት እጽዋት መዝግበዋል። ከነሱ የተወሰኑትን፣ እንቆቆንም ጭምር፣ ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው በባክቴሪያ ላይ ሞክረዋቸዋል፤ ጀርም የመግታት ኃይል ያሳዩም ተገኝተዋል። ከዚህ ተነሥቶ እንቆቆ አንቲባዮቲክን ይተካል የሚል ሰው ቢኖር አትስሙት፤ በመስታወት ሳህን ላይ የሠራ ነገር በሰው አካል ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም፤ መጠኑ ካለፈም ይመርዛል። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመን ሌላ ነው። የአንኮበር ሰው ሲታመም ዳማከሴ ያሸታል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ ኪኒን ይውጣል፤ አንዱን ሲይዝ ሌላውን አይጥልም። ሐኪሙ «ሌላ ምን ወስደዋል?» ብሎ ሳይቆጣ ካልጠየቀ ደግሞ ማንም አይነግረውም።

ከብቱንም አንርሳ። ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው፤ የመንዝ በግ ዝርያ ስሙ የታወቀ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላም የሚያረባውም ብዙ ነው። በግ ሲያስል ወይም ላም ጡቷ ሲያብጥ የሚመጣው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ከስትሬፕቶማይሲን ጋር የተቀላቀለበት መርፌ ነው። እነዚህ ለሰው ከምንወስዳቸው ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ላሟ በተወጋች ሰሞን የሚታለበው ወተት መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በሚያዘው ቀን ልክ ወተቱ ለሰው መሰጠት የለበትም። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። የቤቱ የሳምንት ገቢ ያ ወተት ለሆነበት ሰው ግን ቀላል አይደለም፤ ለዚያ ሳምንት ማን ይክፈለው?

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ በተለምዶ ኢልሪ የሚባለው፣ በመንዝ ከገበሬዎች ጋር የማኅበረሰብ ውይይት ሲያደርግ አንዱ መወያያ ይኸው የእንስሳት መድኃኒት አጠቃቀም ነበር። ስብከት እንዳይሆን ጥያቄው ወደ ገበሬው ነው የሚመለሰው፤ በጉ ሲታመም መጀመሪያ የሚያየው ማነው፣ መድኃኒቱን የሚገዛው ማነው፣ የሚወጋውስ? በብዙ ቤት በሽታውን ቀድማ የምታየው የቤቱ ሴት ናት። ትምህርቱ ግን አባወራውን ሰብስቦ ይበተናል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ጉዳይ ጋ ደርሰናል፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ክልላችን አማራ በትራኮማ፣ በዓይን ማዝ በሽታ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በዘመቻ አዚትሮማይሲን ሲታደል ቆይቷል፤ ሰው በቁመት መለኪያ እንጨት እየተለካ እንደ ቁመቱ ኪኒን ሲሰጠው፣ ሕፃናት ሽሮፕ ሲጠጡ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዚትሮማይሲን ደግሞ አንቲባዮቲክ ነው። የታመመውም ያልታመመውም ይወስደዋል።

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ነበር። በአንዳንድ መንደሮች ልጆች በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት አዚትሮማይሲን ወሰዱ፤ ሌሎች መንደሮች ለንጽጽር ቆይተው ከዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን አፍንጫ እየጠረጉ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ጀርም መረመሩ። መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም የተገኘባቸው ልጆች መጀመሪያ 3.6 በመቶ ነበሩ። ከዓመት በኋላ 46.9 በመቶ ሆኑ። ባልታደለባቸው መንደሮች 9.2 በመቶ ነበር። እነዚያ ቁጥሮች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር።

በዚያው ጥናት ሌላ ነገር ታየ። መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች ሞት፣ ካልወሰዱት ሲነጻጸር፣ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ዓይንን ለማዳን የታደለው ኪኒን የልጆችን ነፍስ አትርፏል ማለት ነው፤ ሌሎች በሽታዎችንም ሳይገታ አይቀርም። ከዚያ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ እጅግ በሰፋ ደረጃ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ታየ፤ ከጎንቻው ያነሰ ቢሆንም ብዙ ነፍስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 በሕፃናት ሞት እጅግ በተጠቁ ቦታዎች ብቻ፣ ገና ዓመት ላልሞላቸው ጨቅላዎች፣ የጀርሙ መላመድ እየተመረመረ እንዲሰጥ የሚል ጠባብ መንገድ ከፈተ።

እንግዲህ የጎንቻዋን እናት ምን እንበላት? መንግሥትና ዓለም አቀፍ ድርጅት ደጇ ድረስ አምጥተው፣ ሳትታመም አንቲባዮቲክ ዋጪ አሏት። በዓመቱ ሬዲዮ ከፍታ ስትሰማ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አደገኛ ነው ይላታል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ እሷ ግን ግራ ቢገባት ጥፋቷ ምንድን ነው? ኪኒኑ ሲታደል ለምን እንደሚታደል፣ ከመድኃኒት ቤቱ ካፕሱል በምን እንደሚለይ፣ የሚያስከፍለውም ዋጋ ጭምር ሊነገራት ይገባ ነበር። ይህን የማስረዳት ሥራ ከእደላው ጋር እኩል በጀት ይገባዋል ባይ ነኝ።

ወቀሳው ወደ ሕዝቡ ብቻ ሲያዘነብል ደግሞ ሌላው ወገን ይረሳል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ በሆስፒታሉ ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች ግማሽ ያህሉ አላስፈላጊ መሆናቸውን አሳይቷል። አዛዦቹ ሐኪሞች ናቸው፤ ማዘዣም አለ። የፋርማሲ ባለሙያዎች ከሐኪሞቹ ጎን ሆነው ትእዛዙን ሲከልሱ አጠቃቀሙ ተስተካከለ፤ ክለሳው ሲቆም መድኃኒቱ ተመልሶ በዛ፣ የሕሙማን ሞትም ጨመረ። የላቦራቶሪ ውጤት ቶሎ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ሐኪሙ እንዲያው ለጥንቃቄ ብሎ ያዛል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት እንደቆሙት እናት እሱም በጎደለ ነገር ፈንታ ነው አንቲባዮቲክ የሚሰጠው።

(አጭር ሙዚቃ)

የቀረችንን ጊዜ አድማጮች ዘወትር ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች እንስጣት።

ሲሻለኝ ባቆመውስ? ይህ ጥያቄ ዛሬ በሳይንቲስቶችም መካከል ያከራክራል። መድኃኒትን እስከ መጨረሻው አለመውሰድ ሁልጊዜ ጀርም ያላምዳል የሚለው አሮጌ መመሪያ በሁሉም በሽታ ላይ ማስረጃ የለውም የሚሉ አሉ፤ ለብዙ በሽታዎችም የሚታዘዘው ቀን ከበፊቱ አጥሯል። ነገር ግን ቀኑን የሚያሳጥረው ያዘዘው ባለሙያ እንጂ ስሜታችን አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ላይ ደግሞ ክርክር የለም፤ ወራቱ ሳያልቅ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊያተርፍ ይችላል።

ልጄ ጉንፋን ይዞታል፣ መቼ ልሩጥ? ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ሳታድሩ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ሲያስል ሲያስነጥስ እየተጫወተ ከሆነ፣ ሙቅ ነገርና የእናት ጡት ይበቃዋል።

ማዘዣ ይዤ ሄጄ መድኃኒቱ አልቋል ብባልስ? ወደ መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ያዘዘላችሁን ባለሙያ፣ ተቋሙ ውስጥ ያለ ተተኪ እንዳለ ጠይቁት። ከውጭ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁ ስንት እንደሆነ ሳታፍሩ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ርካሹና የቆየው አንቲባዮቲክ ለተራው በሽታ ይሻላል፤ ውድና አዲስ የሆነው ለከባዱ መቀመጥ ያለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹን በሦስት ወገን የከፈለውም በዚህ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገሮች እስከ 2030 ከሚወሰደው አንቲባዮቲክ 70 በመቶው ከመጀመሪያው፣ ከርካሹና ከለመድነው ወገን እንዲሆን ተስማምተዋል።

የተረፈኝንስ ካፕሱል ምን ላድርገው? አሞሌ ጨው አይደለም፣ ለክፉ ቀን አይቀመጥም። ለጎረቤትም አይሰጥም፤ ለእናንተ የታዘዘው ለእሷ በሽታ ላይሆን ይችላል። ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፤ ውኃው ውስጥ ያሉ ጀርሞች እዚያም ይላመዱታል። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱና ለመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ አስረክቡ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የከብት ሐኪም እጋብዛለሁ፤ በተለይ ወተት የምትሸጡ ጥያቄያችሁን አዘጋጁ።